ኮሮና በገጠር ሕፃናት ላይ ያደረሰው ጉዳትና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

እንደሚታወሰው፣ የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን መግባቱ በይፋ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሽታው መጀመሪያ የተገኘበት ሰው ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የጃፓን ዜጋ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በነዚያ ሳምንታት ከከተማ ተነሥቶ እስከ ገጠር ቀበሌ ከደረሰው ወሬ ሁሉ ሥር ሰድዶ የቀረ አንድ አለ። ይኸውም «ይህ በሽታ ሽማግሌ እንጂ ሕፃን አይነካም» የሚለው ነው።

ወሬው ጭራሹን ሐሰት ቢሆን ኖሮ ለማረም ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ግማሹ እውነት ስለ ነበረ ማንም ሳይመረምረው ተቀመጠ። ሕፃን አይነካም የተባለው በሽታ ሕፃናትን የነካበት መንገድ ሌላ ስለ ነበር፣ ማኅበሮቻችን በር በሩን ሲጠብቁ ጉዳቱ በጓሮ ገባ።

በሽታው ካለፈ በኋላ ይህን ማንሣት ለምን አስፈለገ የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ የዓለም የጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አስታውቋል። ሆኖም ድርጅቱ ያበቃው አስቸኳይነቱ ነው አለ እንጂ በሽታው ጠፋ አላለም። ከዚያም በላይ ድሬዳዋ መንገድ ዳር ያለች አገር ናት። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ባቡር የሚያልፈው በርሷ በኩል ነው። በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት ገብቶባታል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያና በ2012 መባቻ ቺኩንጉንያ የተባለው መገጣጠሚያ የሚያስር ትኩሳት ብዙ ሺህ ሰው አስተኝቷል። ኮሮና የመጣው ያ ከወጣ ገና ጥቂት ወራት እንዳለፉ ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ሰው ባጠራቀመው ውኃ ውስጥ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ በከተማይቱ የወባ ወረርሽኝ አስነሥታለች። ዋሂልን የመሰሉ የገጠር ቀበሌዎች ወተታቸውን፣ አትክልታቸውንና ጫታቸውን ለመሸጥ ከዚህችው ከተማ ጋር ሌት ተቀን የሚገናኙ በመሆናቸው በከተማዋ የገባው በነሱም ይገባል። ስለዚህ ያለፈውን የምንመረምረው ለሚመጣው ነው።

በመጀመሪያ የወሬው እውነተኛ ግማሽ የቱ እንደሆነ እንመልከት። በኮሮና ከተያዙ ሕፃናት አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ወይም እንደ ጉንፋን ትንሽ አተኩሷቸው፣ አስሏቸው፣ አፍንጫቸውን አዝረክርኳቸው ያልፋል። አንዳንዶቹን ያስቀምጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥተው ይጫወታሉ። ሐኪሞች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። የሕፃን አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለው የሰውነት ዘብ ተህዋሲውን ገና ከበሩ ላይ ፈጥኖ ይገጥመዋል የሚለው አንዱ ሲሆን፣ የደም ሥሮቻቸው እንደ አዋቂ በስኳርና በደም ግፊት ያልተጎዱ መሆናቸው ሌላው ነው።

በሽታ ዕድሜ መምረጡ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የኅዳር በሽታ እያሉ የሚያስታውሱት የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ በመላው ዓለም ጎልማሳውን፣ ጉልበት ያለውን ነበር በተለይ ያጨደው። ኩፍኝ ደግሞ ሕፃናትን አሳድዶ ይገድላል። ኮሮና ሽማግሌውንና በሽተኛውን መረጠ። እንግዲህ ከሦስቱ የኅዳር በሽታ ታሪክ ሆኗል፣ ኮሮናም ጉልበቱ ቀንሷል፤ ኩፍኝ ግን ዛሬም በቀበሌው በር ላይ ቆሟል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ወሬው ሐሰተኛ ግማሽ እንሂድ። ኮሮና በብርቱ የሚጎዳቸው ሕፃናት አሉ። ዓመት ያልሞላቸው ጨቅላዎች፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ የደም በሽታ ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በስድስት የአፍሪካ አገሮች፣ ማለትም በኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፑብሊክ፣ በጋና፣ በኬንያ፣ በናይጀሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ፣ በኮሮና ምክንያት ሆስፒታል የተኙ 469 ሕፃናትንና ወጣቶችን ተመልክቶ ነበር። ከነዚህ ውስጥ 39ኙ ሞተዋል። ከመቶ ስምንት ማለት ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ሆስፒታል ከሚተኙት ሕፃናት የሚሞቱት ከዚህ እጅግ ያነሱ ናቸው። ይህ ቁጥር ሆስፒታል የተኙትን ብቻ የሚመለከት እንጂ በበሽታው የተያዘውን ሕፃን ሁሉ የሚመለከት አለመሆኑን ማስገንዘብ ይገባል፤ አለበለዚያ እናቶችን ያለ ምክንያት ማስደንገጥ ይሆናል። ግን የሚነግረን አንድ ነገር አለ። ተህዋሲው ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱን የፈጠረው ሕፃኑ የነበረበት ሌላ ሕመም፣ ሐኪም ዘንድ የደረሰበት ሰዓትና እዚያ ሲደርስ ያገኘው ኦክስጅን ነው።

በዚህ ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ አንድ እንግዳ ነገር አለ። ሕፃኑ ኮሮናውን ሳይታወቅበት ካሳለፈ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ የሰውነቱ ዘብ አቅጣጫ ስቶ የራሱን አካል ያጠቃል። ትኩሳቱ ለቀናት አልወርድ ይላል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ሰውነቱ ሽፍ ይላል፣ ከንፈሩና ምላሱ ይቀላል፣ ሆዱን አጥብቆ ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ይህ ዓይነቱ ሕመም ልብን ሊጎዳ ስለሚችል ሆስፒታል ካልሆነ በቀር አይታከምም። የሚገጥመው ጥቂት ሕፃን ብቻ ቢሆንም፣ በቀበሌው ኩፍኝ ነው ወይም ቡዳ በላው ተብሎ እቤት መዋል የለበትም።

እስቲ እንደ ዋሂል ባለ ቀበሌ የምትኖር አንዲት እናት እንውሰድ። የአሥር ወር ልጇ ሌሊት ትኩሳት ያዘው። ይህ ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ሳንባ ምች፣ ዴንጊ፣ ኩፍኝ ወይም ኮሮና ሊሆን ይችላል። እናቲቱ ከነዚህ የቱ እንደሆነ በዓይኗ አይታ ልትለየው አትችልም፤ እውነቱን ለመናገር ሐኪሙም ያለ ምርመራ አይለየውም። በ2012 ዓ.ም. ብዙዎች ወደ ጤና ኬላ መሄድ ፈርተው ነበር። ገሚሱ ከዚያ በሽታውን ይዤ እመለሳለሁ ብሎ፣ ገሚሱ ኮሮና አለብህ ብለው ለይቶ ማቆያ ያስገቡኛል ብሎ ነው። ከጅቡቲ የተመለሱ ወገኖች በድሬዳዋ በለይቶ ማቆያ ይቀመጡ ስለ ነበር ፍርሃቱ ከየትም የመጣ አልነበረም። ሆኖም በአገራችን ከሕፃናት ገዳዮች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ሳንባ ምች ነው፤ ሳንባ ምች ደግሞ እስኪነጋ አይታገሥም።

ስለዚህ እናት ማወቅ ያለባት የበሽታውን ስም ሳይሆን የአደጋውን ምልክት ነው። ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንዘፈዘፈው፣ ወይም ሰውነቱ ዝሎ አልነቃ ካለ፣ በሽታው ማንም ይሁን ማን ያን ሰዓት መሄድ አለባት። አተነፋፈሱንም መቁጠር ይቻላል። ልብሱን ከደረቱ ገልጦ፣ ሳያለቅስ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሆዱና ደረቱ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር ነው። ሁለት ወር ላልሞላው ጨቅላ 60 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ ዓመት 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል። የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ይበልጥ ያስጋል። ዛሬ ደቂቃ የሚቆጥር ስልክ የሌለበት መንደር የለም ማለት ይቻላል። ይህን ሦስት ቁጥር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በኦሮምኛ ጽፎ መለጠፍ ቀለምና ወረቀት እንጂ በጀት አይጠይቅም። በዚያ ዘመን የተለጠፉት ወረቀቶች እጅ ታጠቡ ይሉ ነበር እንጂ የሕፃን ትንፋሽ ቁጠሩ የሚል ይህ ጸሐፊ አላየም።

ስለ ጡትም አንድ ቃል። እናት ኮሮና ከያዛት ልጇን ታስጥል የሚል ምክር በየስፍራው ተሰምቶ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ገና በመጀመሪያው ዓመት ያስታወቀው፣ እናት እጇን ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ማጥባቷን እንድትቀጥል ነው። የጡት ወተት በሽታውን እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ይልቁንም መከላከያ ይሰጣል። ንጹሕ ውኃ በጀሪካን ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ጡት አስጥሎ ዱቄት ወተት በጥብጦ መስጠት ሕፃኑን ወደ ተቅማጥ መምራት ነው። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛም ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግዴታ እንዳይሆን ድርጅቱና ዩኒሴፍ መክረዋል፤ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ትንፋሽ ሊያሳጥረው ይችላል። ልጅን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጭስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ማስተኛት ምን ይጠቅማል? ለሕፃኑ ሳንባ ከጨርቁ ይልቅ ምድጃውን ከመኝታው ማራቅ ይበጅ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት ግን ከተህዋሲው የመጣ አይደለም። ይህን ነጥብ የማኅበር መሪዎች ቆም ብለው እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሊሰጥ ታቅዶ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በኮሮና ምክንያት ተላለፈ። የተጀመረው ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከትበውበታል። በዚያ ጭንቅ ወቅት ይህን ያህል ልጅ መከተብ መቻሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ የአገሪቱ ጤና ሠራተኞች ሊኮሩበት ይገባል። ዘመቻ ግን ዘመቻ ነው። መደበኛው ክትባት፣ ማለትም ሲወለድ፣ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠነኛውና በአሥራ አምስተኛው ወር የሚሰጠው፣ እናቲቱ በቀጠሮዋ ቀን ከቤት ካልወጣች ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ መንደሩ ካልመጣች ይቋረጣል። በዓለም ዙሪያ በ2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 25 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት መደበኛ ክትባት አንድ ወይም ከዚያ በላይ ጊዜ ሳይወስዱ ቀርተዋል፤ ይህ በ30 ዓመት ውስጥ ያልታየ ማሽቆልቆል ነበር። አንድም ክትባት ያላገኙ ሕፃናት ከሚበዙባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ አንዷ ናት። ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም አይተናል። ኩፍኝ በ2014፣ በ2015ና በ2016 ዓ.ም. በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ተነሥቷል። ድርቅ የጎዳው ሕፃን ኩፍኝ ሲይዘው ከኮሮና ይልቅ በቀላሉ ይሞታል። በኮሮና የፈራነው ሽማግሌው ነበር፤ የከፈለው ሕፃኑ ሆነ።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ከ26 ሚሊዮን የማያንሱ ተማሪዎች ከመጋቢት 2012 እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ፣ ሰባት ወር ያህል፣ ከትምህርት ገበታ ተለይተው ቆዩ። በከተማ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ትምህርት ይተላለፍ ነበር። በገጠር ግን ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ሬዲዮ ቢኖርም ባትሪ የለም፤ ባትሪ ቢኖርም ልጁ ፍየል ጥበቃ ላይ ነው። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት መልቀሙ፣ ቀፊራ ገበያ አትክልት ይዞ መውረዱ ለልጅ ሥራ ሆነ። ሰባት ወር ሥራ የለመደ ልጅ ገቢው ለቤተሰቡ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ፣ በጥቅምት ወር ደወል ስለ ተደወለ ብቻ ተመልሶ አይመጣም። ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። ትምህርት የለም ከተባለ ታግባ የሚለው ምክር ከሽማግሌ አፍ አይርቅም። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ዓመት መሆኑን የማያውቅ የማኅበር ሊቀመንበር የለም፤ በወሬ ደረጃ የሰማውን ሠርግ ግን ሄዶ የጠየቀ ምን ያህሉ ነው?

በበኩሌ መጀመሪያ ላይ ትምህርት ቤቶቹ መዘጋታቸውን አልነቅፍም። በሽታው ምን እንደሆነ ገና አይታወቅም ነበር፤ ያልታወቀ ነገር ሲመጣ በር መዝጋት የጥንት ጥበብ ነው። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። ገበያው ክፍት፣ የጫት ማስረከቢያው ክፍት፣ በርጫውም ክፍት ሆኖ ሳለ የተዘጋው የልጆቹ ክፍል ብቻ መሆኑ ነው። አሥራ አምስት ጎልማሳ በአንድ ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ከአንድ ኩባያ ውኃ እየተቀባበለ ከቀትር እስከ ማታ ይቀመጣል፤ ልጆቹ ግን ከዛፍ ሥር ተራርቀው ተቀምጠው ሊማሩ ይችሉ የነበሩት ለበሽታ መከላከል ሲባል ከትምህርት ይታገዳሉ። ተህዋሲው የሚበረታው በተዘጋ ቤት፣ በተጨናነቀ ሰው መካከል፣ ለረጅም ሰዓት ሲሆን መሆኑ በኋላ በደንብ ተረጋግጧል። በሜዳ፣ ነፋስ ባለበት ይደክማል። የድሬዳዋ አየር ሞቃት በመሆኑ ዓመቱን በሙሉ ከሞላ ጎደል ውጭ መቀመጥ ይቻላል። በሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ቅድሚያ የሚዘጋው የቱ፣ በመጨረሻ የሚዘጋው የቱ እንደሆነ ማኅበሩ አስቀድሞ መክሮ መወሰን ይችላል። በእኔ እምነት ትምህርት ቤት ከመዝጊያው ዝርዝር የመጨረሻው መሆን አለበት። በርጫው የመጀመሪያው ቢሆን የሚቆጡ ይኖራሉ፤ ይቆጡ።

ስለ ሽማግሌዎችም ሳላነሣ አላልፍም፤ ምክንያቱም የሽማግሌ ሞት የሕፃን ጉዳይ ነው። አያት ልጅ የምታሳድግበት ቤት በገጠራችን ብዙ ነው። እናት ገበያ ስትወርድ፣ አባት ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር ሲሄድ፣ ሕፃኑን ይዛ የምትውለው አያቲቱ ናት። በመላው ዓለም በበሽታው የመጀመሪያ 14 ወራት ብቻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ልጆች አባት፣ እናት ወይም አብራቸው የምትኖርና የምትንከባከባቸው አያት እንደ ሞተባቸው ጥናት አሳይቷል። በአገራችን በምርመራ ተረጋግጦ በኮሮና ሞቱ የተባሉት ከ7 ሺህ 500 በላይ ናቸው፤ ምርመራ በጥቂት ቦታ ብቻ ይደረግ ስለ ነበር የገጠሩ ሟች በዚህ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተቆጥሯል ማለት አይቻልም። ክትባቱ በኢትዮጵያ መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው በሽተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ ነበር። ያኔ ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ሠራተኞች፣ ለአረጋውያንና ሌላ ሕመም ላለባቸው ነው። አያት ስትከተብ የልጅ ልጇም ተጠብቋል ብሎ ያስረዳ ማኅበር ሕዝቡን አሳምኗል፤ ትእዛዝ ነው ብሎ ያለፈው ግን ክንድ አጥቶ ተመልሷል።

አሁን ወደ ማኅበራቱ ድርሻ ልምጣ። የማኅበር መሪ ሊመልስ የሚችለውን አውቃለሁ። የሕፃን ጤና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ትምህርት የርዕሰ መምህሩ ሥራ ነው ይላል። እነዚህ ሰዎች በየበኩላቸው የራሳቸው መዝገብ አላቸው፤ እውነት ነው። ግን የጤናው መዝገብ የሚያውቀው ወደ ጤና ኬላ የመጣችውን እናት ነው። የትምህርት ቤቱም መዝገብ የሚያውቀው የተመዘገበውን ልጅ ነው። ያልመጣችውን እናትና ያልተመዘገበውን ልጅ የሚያውቅ ማነው? ማኅበሩ ነው። የአስተዳደር ስያሜው ቢለዋወጥም በድሬዳዋ ገጠር ሕዝቡ ቀበሌውን እስከ ዛሬ «ገበሬ ማኅበር» የሚለው ያለ ነገር አይደለም። የመሬት ክርክር ሲነሣ ድንበሩ በየትኛው ግራር በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቁ፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ሲመረጥ በየቤቱ ስንት አፍ እንዳለ በቃላቸው የሚቆጥሩ ሰዎች የተሰበሰቡበት ነው። የአንዲትን ጊደር ባለቤት የሚያውቅ ማኅበር በቀበሌው ስንት ሕፃን ክትባት እንዳልጨረሰ አለማወቁ ከዕውቀት ማነስ የመጣ ሳይሆን ጠይቆ ባለማወቁ ነው።

የማቀርበው ሐሳብ እንግዲህ አንድ ደብተር ነው። በየጎጡ አንድ ሰው፣ ቢቻል አንዲት ሴት፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትንና ለትምህርት የደረሱትን ልጆች በየቤቱ ትመዝግብ። በአንዱ ዓምድ የክትባት ካርዱ ታይቶ የቀረው ክትባት ይጻፍ፤ በሌላው ዓምድ ልጁ ትምህርት ቤት ይሂድ አይሂድ፣ አቋርጦ ከሆነ በየትኛው ዓመት እንዳቋረጠ ይጻፍ፤ አሳዳጊው ማን እንደሆነም ይመልከት። ከዚያ በየወሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና መምህሩ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ መዝገባቸውን ከዚህ ደብተር ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ የተገኘበት ቤት ነው ሰው የሚላክበት። ሰው መላኩም አስቸጋሪ አይደለም፤ ሐዘን ሲሆን አፎሻው ሳይጠራ ይደርሳል፣ ማሳ ሲታረስ ጉዛ ይወጣል። ልጁን ተሸክማ ጤና ኬላ ለመሄድ ላልቻለች እናት ፍየሏን አንድ ቀን የሚጠብቅላት ጎረቤት ማዘዝ ከጉዛ አይከብድም።

ይህ ደብተር ለመክሰሻ እንዳይውል ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በኮሮና ጊዜ ብዙ ሰው ትኩሳቱን የደበቀው ስሙ ተጽፎ ይወሰዳል ብሎ ስለ ፈራ ነው። እናት ልጄን አላስከተብኩም ብላ እንድትናገር ከተፈለገ መዝጋቢዋ ቅጣት ይዛ መምጣት የለባትም። ማዳበሪያ ወይም የሴፍቲኔት እህል ከክትባት ካርድ ጋር ማያያዝም አያዋጣም፤ ካርዱን ተውሶ የሚያሳይ ገበሬ እንዲፈጠር ነው የሚያደርገው።

ለመጀመሪያው ስብሰባ አጀንዳ የሚሆኑ ልጆች ዛሬ በእጃችን አሉ። ኮሮና በገባበት ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም. ጸደይና ክረምት፣ የተወለዱት ሕፃናት ጨቅላነታቸውን ያሳለፉት ጤና ኬላው በተፈራበት ወራት ነው። አሁን አንደኛ ክፍል የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ወላጆቻቸው ለምዝገባ ሲመጡ መምህሩ የክትባት ካርዳቸውን አምጡ ይበል፤ ካርድ የጠፋበት ወይም ያልተሟላበት ልጅ ስም በዚያው ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይድረስ። በ2012 ዓ.ም. ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ሳሉ ከትምህርት ወጥተው ያልተመለሱትም ዛሬ ወጣቶች ናቸው። ከነሱ ገሚሱ በቀፊራ ጋሪ ይገፋል፣ ገሚሷም ልጅ አዝላለች። ለነዚህ የማታ ትምህርት ወይም የጎልማሶች ትምህርት ክፍል እንዲከፈት ማኅበሩ ለአስተዳደሩ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው ግን ስንት እንደሆኑ መጥቀስ ስላለበት፣ ቆጠራው ከሚቀጥለው የመኸር ሥራ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል።